መኪናዋ ሂሳብ ሲያልቅባት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ከአንዲት ዋርካ ሥር ቡና ስንጠጣ፣ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግድ ወዳጃችን መጣና ገና ሳይቀመጥ «እዚህ አካባቢ ካርድ የሚሸጥ ልጅ አለ? መኪናዬ ሂሳብ አልቆባታል» አለ።

ጀልባ ነጂው ስኒውን አስቀምጦ ሳቀ። «ነዳጅ አለቀባት ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ባትሪ አለቀባት ማለትንም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ለምጄዋለሁ። መኪና ሂሳብ አለቀባት ሲባል ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

ነጋዴው አልሳቀም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ባሕር ዳርም የቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖችን መላመድ ይዛለች፤ የእርሱም ከእነርሱ አንዷ ናት። ነጭ ናት፤ እርሱ እጅ ከገባች ገና ሁለት ወሯ ነው። ከመሪው አጠገብ የቆመው ስክሪን የመማሪያ ክፍል ሰሌዳ ታናሽ ወንድም ይመስላል። ፋብሪካው የሠራት ለቻይና ገበያ ስለሆነ በሆዷ የተበየደው ኢሲም፣ ማለትም ተነቅሎ የማይወጣው ሲም፣ የሚያውቀው የዚያን አገር ኔትወርክ ብቻ ነው፤ እዚህ የሚመልስለት የለም። ነጋዴው ታዲያ ብዙዎች የሚያደርጉትን አደረገ። የእጅ መዳፍ የምታህል የኪስ ዋይፋይ ገዛ፣ የአገር ቤት ሲም ካርድ አስገባባት፣ ከተሳፋሪው ወንበር ፊት ባለው መሳቢያ ውስጥ ወሸቃት። መኪናዋ ኢንተርኔት የምትቀዳው ከዚያች ሳጥን ነው። ሳጥኗ ሂሳብ ሲያልቅባት ስክሪኑ ላይ አንድ ክብ ነገር መሽከርከር ይጀምራል፤ ሰውየውም ካርድ ፍለጋ ይወጣል።

«በወር ስንት ያወጡበታል ጋሼ?» አለ ስልክ ጠጋኙ ወጣት።

«ወር ይቆይልኛል ብዬ የገዛሁት ጥቅል በዘጠኝ ቀን አለቀ።»

«ምን አደረጉበት?»

«ካርታ። ሙዚቃ።» ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ልጆቹ ደግሞ ቻርጅ እስክታደርግ ድረስ ካርቱን ያዩባታል» ሲል ጨመረ።

ጠጋኙ የፈለገውን አገኘ። ሙዚቃ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ሲደመጥ በሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። ካርታ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ቪዲዮ ግን የሙዚቃውን ብዙ እጥፍ ይውጣል፤ ምስሉ በጠራ ቁጥር ይብስበታል። «ጥቅልዎን የበላው ካርቱኑ ነው ጋሼ። ለካርታ ብቻ ከሆነ የስልክዎ ሆትስፖት ይበቃዎታል። ሁለት ሲም ካርድ መቀለብ ለምን አስፈለገ?»

«ስልኬ ከእኔ ጋር ሱቅ ይገባል፤ መኪናዋ ውጭ ትቀራለች። እኔ የምፈልገው ሱቄ ተቀምጬ ባትሪዋ ስንት እንደደረሰ፣ በሯም መቆለፉን ማየት ነው። ፀሐይ ላይ ስትውል ደግሞ ከመውጣቴ በፊት ማቀዝቀዣዋን አስነሳለሁ።»

ቡና የምታፈላው እህታችን ከሰሉን እያራገበች ቀና አለች። «እኛ እሳት ላይ ተጥደን እንውላለን፤ እርስዎ ሰው ላልተቀመጠበት ወንበር ያቀዘቅዛሉ።» ሁላችንም ሳቅን፤ በዚህኛው ነጋዴውም ሳቀ። የሚያዝያን ሙቀት እዚህ ለሚያውቅ ሰው ግን ነገሩ ቅንጦት ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል። መሪው እጅ ይለበልባል።

ጀልባ ነጂው ወደ ቁም ነገሩ ተመለሰ። እርሱ ሰው ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ሲያመላልስ ከጎልማሳነት ያለፈ ነው፤ ካርታ የሚባል ነገር ገልጦ አያውቅም። «ክረምቱን ረሳኸው? በ2015 ዓ.ም. በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስንት ወር እንደቆየን? ያን ጊዜ ይህች መኪና ብትኖርህ ምን ታደርጋት ነበር? ጋራዥ ውስጥ ታስራት ነበር?»

ለዚህ ቶሎ መልስ የሰጠ አልነበረም። በዚያ ጊዜ ባንክ ቤት ተሰልፎ የዋለ፣ ውጭ አገር ካለ ልጁ ጋር ሳይተያይ የከረመ፣ ሁሉም የየራሱ አለው።

«ካርታውና ጠቋሚው አንድ አይደሉም» አለ ጠጋኙ በመጨረሻ። «ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም። ሳተላይቶቹ ምልክት ይልካሉ፤ መቀበያው የአራቱን ከሰማ ያለበትን ቦታ ያሰላል። ደቅ ደሴት አጠገብ ኔትወርክ ቢጠፋ እንኳ ነጥቧ ስክሪኑ ላይ አለች። የሚጠፋው ከሥሯ ያለው ሥዕል ነው፤ እርሱንም አስቀድሞ ማውረድ ይቻላል።»

«ታዲያ ካርድ የሚገዛው ለምን ተብሎ ነው?»

«ለክፉ ቀን» አለ ልጁ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2018 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ ሞዴል ሆኖ ፈቃድ የሚጠይቅ የቤት መኪና ሁሉ ራሱ የሚደውል መሣሪያ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። ግጭት ደርሶ የአየር ከረጢቱ ሲፈነዳ መኪናው የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሩ፣ ወደ 112 ይደውላል፤ የቆመበትን ቦታ፣ ሰዓቱንና ሲሄድ የነበረበትን አቅጣጫ ይልካል። ሹፌሩ ራሱን ቢስት፣ ስልኩ ቢደቅቅ፣ ጥሪው አይቀርም። «ደግሞ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ተኝቶ ነው የሚኖረው። የት ዋልክ፣ የት አደርክ አይልም።»

«እዚህ ቢደውል ማን ያነሳለታል?» አለ ጀልባ ነጂው። «ዓባይ በረሃ ሲወርዱማ የሰው ስልክም ድምፁ ይጠፋል።»

ይህን ጊዜ እስካሁን ስኳር ሲያማስሉ የነበሩት ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኚህ ሰው ሲናገሩ ስኒውም አይንኳኳም። «እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። መኪና የስንት ዓመት ዕቃ ነው? የእኔ ዲኤክስ ከእኔ ጋር ጡረታ መውጣት ሲገባት ዛሬም ገበያ ታደርሰኛለች። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 የ3ጂ ኔትወርኮች ሲዘጉ፣ ገና ያላረጁ መኪኖች መስመራቸው ሞቶባቸው ቀረ። ሞተሩ ደህና፣ ጎማው ደህና፤ የአደጋ ጊዜ መደወያው ዲዳ። ሰላሳ ዓመት በሚኖር ብረት ውስጥ አሥር ዓመት የማይዘልቅ ነገር በየዱና ሸጡ።»

«የእኔስ ሳጥን ናት መምህር። ስታረጅ አውጥቼ እጥላታለሁ» አለ ነጋዴው፤ እውነቱንም ነበር። መምህሩ ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀበሉት። እኔ እንደማውቃቸው ሰው ሲቀበሉ ሊይዙት ነው።

«ደግ ነው፤ ሳጥኗ ያንተ ናት። ባትሪውን የሚያሳይህ መተግበሪያስ በማን ስም ነው የተከፈተው?»

ነጋዴው ስልኩን ገለበጠው። «የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። እኔ ከየት አመጣለሁ? ሻጩ በራሱ ቁጥር ከፈተና የይለፍ ቃሉን ሰጠኝ።»

«ስለዚህ እርስዎ የሚያዩትን እርሱም ያያል» አለ ጠጋኙ ቀስ ብሎ።

«በሩንም?»

«እርስዎ ከሱቅ ሆነው የሚከፍቱት ከሆነ፣ አዎ፣ በሩንም።»

ነጋዴው ለመከራከር ሞከረ። ስንት መኪና የሸጠ ሰው የእኔን ሲያይ ይውላል፣ ደግሞስ መኪናዋ ወሬ የምትልክ ቢሆን ሂሳቤ ላይ ይታየኝ አልነበረም ወይ፣ አለ። ይህ ሁለተኛው ነገር ለጆሮ ይጥማል። ብዙ ሰው የሚያስበውም እንዲሁ ነው፤ ውድ የሆነ ነገር ብዙ ነው፣ ርካሽ የሆነ ነገር ደግሞ ምንም አይደለም።

ጠጋኙ ከሲጋራ ፓኮ የተቀደደች ወረቀት ላይ ጻፈልን። አንድ መኪና የቆመችበትንና የፍጥነቷን ልክ በ100 ባይት ጠቅልላ በየ10 ሰከንዱ ትላክ። በደቂቃ 6 ጊዜ፣ በሰዓት 360 ጊዜ። መልእክቱ የሚታሸግበትን ትርፍ ሳንቆጥር በሰዓት 36 ኪሎባይት ይሆናል። ከዚያ 58ቱን ሜጋባይት ለ36ቱ ኪሎባይት አካፈለ። መልሱን ሁለት ጊዜ አሰመረበት፦ 1,600። ልጆቹ አንድ ሰዓት ሙዚቃ በሚሰሙበት ዳታ የመኪናዋ የ1,600 ሰዓት መንገድ ተልኮ ያልቃል። በቀን ሁለት ሰዓት ለሚነዳ ሰው የ800 ቀን ውሎና ማደሪያ ማለት ነው፤ ከሁለት ዓመት በላይ። ይህ ሁሉ ሂሳብ ላይ ከአንድ ሰዓት ዘፈን ተለይቶ አይታይም።

ወረቀቷ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። ጀልባ ነጂው ሳይነበብለት መለሳት።

«እምቦጭም ሐይቁ ላይ ሲታይ አበባው ያምር ነበር» አሉ መምህሩ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ጠጋኙ አንድ ነገር ጨመረ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ጄኔራል ሞተርስን የከሰሰው የአሽከርካሪዎችን የቦታና የአነዳድ መረጃ በቂ ፈቃድ ሳያገኝ ሰብስቦ ሸጧል ብሎ ነው። መረጃው ከደረሳቸው መካከል ለመድን ድርጅቶች ሪፖርት የሚያቀርቡ ኩባንያዎች ነበሩበት። ድንገት ፍሬን የረገጠ ሰው፣ ሌሊት የነዳ ሰው፣ የመድን ክፍያው ለምን እንደጨመረ ሳያውቅ ይከፍላል። «ያ በሕግ አገር፣ በራሱ ስም በተመዘገበ መኪና ነው» ብሎ ወደ ነጋዴው ተመለከተ። ሌላ አልጨመረም፤ መጨመርም አላስፈለገውም።

ነጋዴው ተቆጣ። ማንም በተቆጣ ነበር። «ታዲያ ምን ላድርግ? በዚህ ዋጋ የገዛኋትን መኪና እንደ ጋሪ ልንዳት?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ዝም ብዬ በመቀመጤ ዳኛ አስመሰሉኝ። ያልኩትን እነሆ።

ጀልባ ነጂው ኢንተርኔቱ አያስፈልግም ማለቱን አልቀበልም። የባትሪን ልክ ከሱቅ ሆኖ ማወቅ፣ ቻርጅ ማድረጊያው የተያዘ መሆኑን ሳይሄዱ ማየት ለዚህ ዓይነት መኪና ባለቤት እውነተኛ ጥቅም ነው። ሰው ወጥቶ ያልተመለሰ እንደሆነም፣ መኪናው የት እንደቆመ አንድ ዘመድ ቢያውቅ ነፍስ ያድናል። ሆትስፖት ይበቃል ያለው ልጅም ገንዘቡን ነው ያሰላው እንጂ ሰውየውን አላሰላውም፤ ስልኩ ሱቅ ገብቶ መኪናዋ ውጭ ስትቀር ሆትስፖቱም አብሮ ገብቷል። ስለዚህ ሳጥኗ ትኑር። የመምህሩም የ3ጂ ሥጋት የሚመለከተው የተበየደ ኢሲም ያለውን እንጂ ተነቅላ የምትወጣ ሳጥን ያለውን አይደለም። የነጋዴው መላ፣ ሳያስበው፣ ከፋብሪካው ይሻላል።

ጥፋቱ ያለው ከሳጥኗ ወዲያ ነው። ሲም ካርዱን የሚሞላው እርሱ፣ የመተግበሪያው መለያ (አካውንት) ባለቤት ሌላ ሰው። እንዲህ ከሆነ በየወሩ የሚከፍለው የሌላ ሰው መስኮት እንዳይዘጋ ነው። ቅዳሜ ዕለት ካርድ ከመግዛቱ በፊት መለያውን በራሱ ቁጥርና በራሱ የይለፍ ቃል ማዞር አለበት፤ ሻጩ እምቢ ካለ ወይም ፋብሪካው የሌላ አገር ቁጥር አልቀበልም ካለ መተግበሪያው ይጥፋ፣ ሳጥኗ ለካርታና ለሙዚቃ ብቻ ትሥራ፣ በሩም በቁልፍ ይከፈት። የአውሮፓውን መሣሪያ የወደድኩለት በዚህ ነው። መስመር አለው፤ ግን ሲተኛ ይተኛል፣ ሲነቃም ለምን እንደነቃ ባለቤቱ ያውቃል።

«ሰው የሚናገረው ቀላል ነው» አለ ነጋዴው፤ ግን ተነሳ፣ ቁልፉንም አወጣ። «ኑ፣ ላድርሳችሁ።»

አራታችን ገባን። ሂሳብ ስለሌላት የፈለግነው ፈተና ሳንጠይቅ ተዘጋጅቶ ነበር። መሪዋ ታዘዘ፣ ማቀዝቀዣዋ ነፈሰ፣ ሬዲዮው ተናገረ። ስክሪኑ ላይ ካርታው ጠፍቷል፤ ሐይቁ የለም፣ መንገዱ የለም፣ ከተማዋም የለችም። ባዶ ግራጫ ሜዳ ላይ አንዲት ሰማያዊ ቀስት ብቻ ናት። መኪናው ሲታጠፍ ቀስቷም ትታጠፋለች። መምህሩ ከኋላ ወንበር አንገታቸውን አስግገው እስከ ጊዮርጊስ ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉባትም። ነጋዴው ግን አንዴም አላያትም፤ የባሕር ዳርን መንገድ በደንብ ያውቀዋል።

ቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ ካርድ የሚሸጥ ልጅ መስኮቱን አንኳኳ። ነጋዴው ገዛ። የሞላው ግን ለሳጥኗ አልነበረም፤ ለራሱ ስልክ ሞላና መኪናውን ዳር አስይዞ ለሻጩ ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። ፍሬቻውን ሳያጠፋ እንደገና ደወለ።