ከ40 በኋላ ያጠረ ትንፋሽ፦ በሽታ ወይስ ዕድሜ?

የዛሬዎቹ ተከራካሪዎች ሁለት የጅማ ሰዎች ናቸው። አንዷ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። ሌላው ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። ጥያቄው፦ ዕድሜው ከ40 ያለፈ ሰው ሁሉ ሳንባው በመሣሪያ ይለካ ወይ?

ሲስተር፦ ይለካ እላለሁ። እናቴ ሔርማታ አካባቢ ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራ ስትጋግር ኖራለች። ጅማ ዝናብ አታጣም። እንጨቱ እርጥብ ነው፣ በሩ ይዘጋል፣ ጭሱ ጓዳው ውስጥ ይታመቃል። ሃምሳ ሳይሞላት ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ሦስቴ ታርፍ ነበር። «ብርድ መቶኝ ነው» ትለናለች። እኛም አመንናት። ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም።

የሳንባ ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው ሲጋራ ብቻ ይታየዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገው ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ ከመቶ 5 ያህሉ ነው። በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት የሚያበስለው ግን ከ10 ቤት ወደ 9ኙ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በዓለም ዙሪያ በ12 ቦታዎች ከ9,000 በላይ ሰዎችን መሣሪያ ላይ አስነፍቶ ሳንባቸውን ለክቷል። 40 ዓመት ከሞላቸው ውስጥ ከመቶ 10 ያህሉ የአየር ቧንቧቸው መካከለኛ ወይም ከዚያ የባሰ ጥበት ነበረው።

ምርመራው ስፓይሮሜትሪ ይባላል። አየር በረጅሙ መሳብ፣ ከዚያ ባለ በሌለ ኃይል መንፋት ነው። በመጀመሪያዋ ሰከንድ የወጣው አየር ከጠቅላላው 70 በመቶ ካልሞላ ቧንቧው ጠቧል ይባላል።

መምህር፦ ሲስተር፣ የእናትሽ ነገር ልቤን ነክቶታል። ያቺ 70 በመቶ ግን አትዋጥልኝም። የሳንባ አቅም 25 ዓመት ገደማ ላይ ጣሪያው ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ጤነኛውም ሰው በየዓመቱ 25 እና 30 ሚሊ ሊትር ያህል ያጣል። የምትዪው ድርሻም ከዕድሜ ጋር ይወርዳል። ለ40 ዓመቷ ሴትና ለ75 ዓመቱ ሽማግሌ አንድ ቁጥር ካወጣሽ፣ ጤነኛውን ሽማግሌ በሽተኛ ታደርጊዋለሽ። በዕድሜ፣ በቁመትና በፆታ የሚሰላ ወሰን አለ እኮ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬን ልንገርሽ። በ72 ዓመቱ ጅሬን ድረስ በእግሩ ይወጣ ነበር። አንድ ክሊኒክ አስነፉትና «ሳንባህ ደክሟል» አሉት። ከዚያ ወዲያ ዳገት ፈራ። ቤት ዋለ። ጉልበቱ የከዳው ያኔ ነው። ይሄ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከ12ቱ ቦታዎችም ከአፍሪካ የነበረችው ኬፕታውን ብቻ ናት። የእሷ ቁጥር የጅማን አይነግረንም። አሜሪካ ውስጥ ስለ ቅድመ ምርመራ ምክር የሚሰጠው የባለሙያዎች ቡድንም ምልክት የሌለበትን ሰው ለአየር ቧንቧ ጥበት አትመርምሩ ብሏል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ብሎት በ2022 ደግሞታል። ገንዘብ ካለ ጭስ መውጫ ይሠራበት። «ምርጥ» የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ይገዛበት።

ሲስተር፦ ጋሼ፣ የ70ውን ነገር እቀበላለሁ። እውነትዎን ነው። «ምልክት የሌለበት» የሚለው ላይ ግን ይቆዩኝ። እዚህ ምልክቱን ማን ምልክት ይለዋል? ሳሉ «ብርድ» ነው። ትንፋሽ ማጠሩ «እርጅና» ነው። የጠየቃት ስለሌለ ብቻ እናቴ ምልክት የላትም ተብላ ትታለፋለች።

ቲቢም አለ። ሰውየው ታክሞ ይድናል፤ ሳንባው ላይ ግን ጠባሳ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ድርሻው ከ70 በላይ ሆኖ ጠቅላላ አየሩ ሊያንስ ይችላል። ሳይለካ በምን ይታወቃል? ባልደረባዎንም ያጠፋው መሣሪያው አይደለም። ሳንባው ቢደክም እንኳ «መራመድህን እንዳትተው» ነበር መባል የነበረበት።

መምህር፦ እሺ፣ ለካሻት እንበል። ከዚያስ? የጠበበው ቧንቧ በመድኃኒት ቢቀልላትም እንደ ድሮው አይሆንም። የሚሳበውን መድኃኒት በየወሩ ማን ይገዛላታል? ማታ ተመልሳ የምትገባው እዚያው ጭስ ውስጥ ነው። እኔ ከምድጃው እጀምራለሁ።

ሲስተር፦ ምድጃውን አልተውኩም ጋሼ። ሁሉም ይንፋ ያልኩትን ግን ላጥብበው። ደም ግፊቷን ልትለካ የመጣችን እናት ሦስት ነገር ልጠይቃት። ሳል ይዞሽ ወራት ሆኖታል? ዳገት ላይ ከእኩዮችሽ ወደኋላ ትቀሪያለሽ? ማዕድ ቤትሽ መስኮት አለው? ሁለቱን አዎ፣ መስኮቱን የለም ያለችኝ ትንፋ። መስኮቱንም ያን ዕለት ለባሏ እነግረዋለሁ።