ግልጽ ደብዳቤ፦ ለክቡር አቶ «በጀት አልተያዘለትም»

ቁጥር፦ ገና አልተሰጠውም፤ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ምሳ ወጥታለች
ቀን፦ ከሰኔ 30 በፊት ይደርስዎታል በሚል ተስፋ
ጉዳዩ፦ መሥሪያ ቤት ረትቼ ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ መቼም አይታመሙም። ሰው ሁሉ አንዳንድ ቀን ከቢሮ ይቀራል፤ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሥልጠና ይሄዳል፣ ልጅ ያሳክማል። እርስዎ ግን ቀርተው አያውቁም። ኃላፊው ባይኖሩ እርስዎ አሉ። ፋይናንስ ቢዘጋ እርስዎ አሉ። ባለፈው የግቢው ጥበቃ «ለምን ጉዳይ ነው?» ብሎ ጠየቀኝና ፍርድ ቤት ስከራከር ያወጣሁት የወጪና ኪሳራ ክፍያ ነው ስለው ገና ቀና ብሎ ሳያየኝ ስምዎን ጠራልኝ።

ባያስታውሱኝ አልፈርድብዎትም፤ ባለጉዳዩ ብዙ ነው። እኔ ጎንደር፣ ከአራዳ ወረድ ብሎ ትንሽ ሱቅ ያለችኝ ሰው ነኝ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት አጥሬ ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ ቀባና «ይፈርሳል» ብሎ ሄደ። ካርታ አለኝ ብል፣ የግንባታ ፈቃድ አለኝ ብል፣ ቅሬታህን በጽሑፍ አቅርብ ተባልኩ። በጽሑፍ አቀረብኩ። መልሱ በቃል መጣ፦ ይፈርሳል። እኔም ጠበቃ ያዝኩና «ሁከት ይወገድልኝ» ብዬ ከሰስኩ።

በሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። ዛሬ ይከሰሳል። ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ፍርድ ቤት የማቅረብ መብት እንዳለው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ጽፎታል። መከሰስ ብቻ አይደለም፣ ይረታልም። እኔ ረትቻለሁ። አጥሬ ቆሟል። ኤክሱም እንዳለ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለመቀባት እንጂ ለማጥፋት በጀት አልተያዘለትም።

አሁን ወደ እኔና እርስዎ ጉዳይ ልምጣ።

ፍርዱ መጨረሻ ላይ ከሳሽ ያወጡትን ወጪና ኪሳራ ዝርዝር አቅርበው የመጠየቅ መብታቸው ተጠብቋል ይላል። ዕድለኛ ነኝ። ስንቱ ባለጉዳይ ነው «ግራ ቀኙ ወጪና ኪሳራቸውን ይቻቻሉ» ተብሎ የሚሸኘው! እኔ ከኪሴ አወጣለሁ፤ መሥሪያ ቤቱ ከሁላችን ኪስ ያወጣል፤ ከዚያ እኩል እንቻቻላለን። የመሥሪያ ቤቱን ነገረ ፈጅ ደሞዝ የምከፍለው እኮ እኔው ነኝ፤ ግብሬን በወቅቱ ነው የምገብረው። በሌላ አነጋገር ለሁለት ጠበቃ ከፍዬ ነው ከራሴ ጋር ስከራከር የከረምኩት።

ሕጉ አዲስ ነገር አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አንቀጽ 462 ወጪውን ማን ይክፈል፣ ምን ያህል ይክፈል የሚለውን ለፍርድ ቤቱ ይተወዋል። አንቀጽ 463 ደግሞ ወጪ የተፈረደለት ሰው ዝርዝሩን አዘጋጅቶ ያቅርብ ይላል፤ የዳኝነቱን፣ የጠበቃውን፣ የምስክሩን፣ የግልባጩን። ሁለቱን አንቀጾች ደጋግሜ አነበብኳቸው። «ተረቺው መሥሪያ ቤት ከሆነ ግን ይተወው» የሚል አጣሁባቸው። ጠበቃዬም አጥቶበታል፤ እሱ ደግሞ ለማንበብ ይከፈለዋል።

እናም ዝርዝሬን ጻፍኩ። የዳኝነት ክፍያው ደረሰኝ አለው። የጠበቃው ውልም ደረሰኝም አለው። ፎቶ ኮፒ ቤቱም ደረሰኝ ይቆርጣል፣ መብራት ካለ። መብራት ከሌለ ፎቶ ኮፒውም የለም። አስቸጋሪው የምስክር መጓጓዣ ነው። አንዷ ምስክሬ የድሮ ጎረቤቴ ናቸው፤ አሁን አዘዞ ልጃቸው ጋ ነው የሚኖሩት። በሚኒባስ መጡ፣ ከዚያ በባጃጅ ፍርድ ቤት በር ድረስ አመጣኋቸው፣ ምለው መሰከሩ፣ መልሼ ሸኘኋቸው። ጎንደር ውስጥ ለአንድ ሰው ጉዞ ደረሰኝ የሚቆርጥ ባለባጃጅ ካወቁ እባክዎ ያስተዋውቁኝ፤ ደንበኛው እሆናለሁ።

ነገረ ፈጁ ተነሥቶ የትራንስፖርት ወጪው በማስረጃ አልተደገፈም ብሎ ተቃወመ። የመጣው በመሥሪያ ቤቱ መኪና ነበር። ሾፌሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

ዳኛዋ ግራ ቀኙን ሰሙ፣ ከዚህም ከዚያም ቀነሱና በቁርጥ ፈረዱልኝ። ያወጣሁትን አያህልም። ይሁን፣ ተመስገን ብዬ ፍርዱን ይዤ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። መዝገብ ቤት ገቢ አደረጉት። ኃላፊው «ይታይ» ብለው ወደ ሕግ ክፍል መሩት። ሕግ ክፍል «በፍርዱ መሠረት ይፈጸም» ብሎ ወደ ፋይናንስ መራው። ማኅተም በማኅተም ሆነ። ወረቀቱን ላየው አጓጊ ነበር፣ የሠርግ ጥሪ ይመስላል። ፋይናንስ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ግን እርስዎ ተቀምጠው አገኘሁዎት።

ለዚህ ክፍያ የሂሳብ መደብ የለንም አሉኝ። ሐምሌ ላይ ስመጣ በጀቱ ገና አልተለቀቀም። ሰኔ ላይ ስመጣ ሂሳብ ተዘግቷል። በመካከል ያሉት ወራትስ አልኩ። በመካከል ኃላፊው ስብሰባ ናቸው።

ደግሞ አንድ ነገር ታዝቤብዎታለሁ፣ አይቀየሙኝ። ስብሰባው ላይ የታሸገ ውሃ ሲታደል ስምዎን የሚያነሣ የለም። ባነር ሲታተም የሉም። ያውም ባነሩ ላይ «የተገልጋይ እርካታ» የሚል ተጽፎበት! የተሳታፊ አበል ሲፈረም፣ ቲሸርት ሲከፋፈል፣ ግድግዳው በየዓመቱ ቀለም ሲቀየር ድምፅዎ አይሰማም። ለካ እርስዎም ከቢሮ የሚቀሩበት ቀን አለ።

እዚህ ከተማ መቼም ወረቀትና ፍርድ ሥር አላቸው። ፋሲል ግቢ ይግቡ፤ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍትና ጽሕፈት ቤት ከ300 ዓመት በላይ ቆመው ያገኟቸዋል። በድሮው ሙግት ቁራኛ የሚባል ነገር ነበር። ባለዕዳውና ባለገንዘቡ ልብስ ለልብስ ይቋጠራሉ፤ ነገሩ እስኪያልቅ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ዛሬ ይመለስ አልልም፤ የሰው መብት ነው። ግን ለአንድ ሳምንት ብቻ ቢፈቀድልኝ ብዬ አስባለሁ። የጋቢዬ ጫፍ ከኃላፊው ኮት ጋር ይቋጠራል። ስብሰባ ሲገቡ እገባለሁ። ውሃው ይደርሰኛል። አበሉ ሲፈረም ስሜ ዝርዝሩ ላይ አለ። ለመስክ ሥራ ጎርጎራ ሲወርዱ ጣና ዳር ቁጭ ብለን ዓሣ እንበላለን። በዚህ አያያዝ ወጪና ኪሳራዬ ሳምንት ሳይሞላ ይተካል፣ እርስዎንም ሳላስቸግር።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለው የአክስቴ ልጅ በስልክ ይህን ሁሉ ስነግረው ሳቀ። ሲጨርስ ስለ እነሱ ሕግ አወራኝ። እዚያ በደንቡ የረታም የተረታም የየራሱን ጠበቃ ራሱ ይከፍላል። ከእኛ ይከፋል ልል ስል ቆየኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 አንድ የተለየ ሕግ አውጥተዋል። የፌደራል መሥሪያ ቤት ተከራክሮ የረታ ሰው የጠበቃውን ወጪ ይጠይቃል፤ መሥሪያ ቤቱ አቋሜ በቂ መሠረት ነበረው ብሎ ካላስረዳ ይከፍላል። የማስረዳቱ ሸክም የመሥሪያ ቤቱ ነው። አጥር አለው፤ ማመልከቻው የመጨረሻው ፍርድ በተሰጠ በ30 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፣ የተጣራ ሀብቱ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ግለሰብ አይስተናገድም፣ ሕጉ ላይ የተጻፈው የጠበቃ ጣሪያም በሰዓት 125 ዶላር ነው፤ ኑሮ ሲወደድ ማስተካከያ ይደረግለታል። እኔ እንኳ የሀብቱን መስፈርት ያለ ጭንቀት አልፋለሁ።

ክቡርነትዎን የሚመለከተው ቀጥሎ ያለው ነው። ክፍያው ከየት ይመጣል አልኩት። ከዚያው ከተረታው መሥሪያ ቤት ገንዘብ ይላል ሕጉ፤ በበጀትም ይሁን በሌላ መንገድ እጁ ከገባው። ይኸው ነው። እርስዎ እዚያ ወንበር የለዎትም። ጭራሽ እ.ኤ.አ. በ1990 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ስለ ጠበቃ ወጪው ሲከራከሩ የወጣው የጠበቃ ወጪም ሊጠየቅ ይችላል ብሎ ወስኗል። ይህን ስሰማ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። እኛ ዘንድ እንደዚያ ቢሆን እኔ ሱቁን ዘግቼ በእርስዎ ብቻ እተዳደር ነበር።

ገንዘቡ ያናድደኛል፣ አልዋሽም። ከሱ የባሰ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ቀለሙን የቀባው ልጅ፣ ያዘዘው ኃላፊ፣ ቅሬታዬን ሳያነብ ይፈርሳል ያለው ሰው፣ አንዳቸውም ምንም አልጎደለባቸውም። ተረትተው እንደረቱ ይውላሉ። እና ነገ የሚቀጥለው ሰው አጥር ላይ ኤክስ እንዳይቀቡ ምን ይይዛቸዋል? የቀለም ዋጋ? ለቀለም እኮ እርስዎ አይመጡም።

አሁን ሰፈር ውስጥ እንደ ሊቅ ሆኛለሁ። ከመሥሪያ ቤት ጋር የተጣላ ሁሉ ሱቄ ይመጣል። ሻይ አዝዤ የምነግራቸውን እርስዎም ይስሙት፣ ከኋላዎ አላማዎትም። ክስ ስታስጽፉ ወጪና ኪሳራ እንዲከፈላችሁ ዳኝነት ጠይቁበት እላለሁ። ከጠበቃ ጋር በቃል አትስማሙ፤ ውል ይኑራችሁ። ከመጀመሪያዋ ቴምብር ጀምሮ ደረሰኝ አትጣሉ። ፍርድ ሲነበብ መጨረሻዋን መስመር አዳምጡ፤ መብታችሁ ተጠብቆ ከሆነ ዝርዝሩን አታቆዩ። መሥሪያ ቤቱ አልከፍል ካለ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 378 የአፈጻጸም ማመልከቻ ማስገባት ነው። የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰው ደግሞ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ በደሃ ደንብ የሚከስበት መንገድ አለው። ጉዳዩ ከፌደራል መሥሪያ ቤት ጋር ከሆነ የፌደራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጁን፣ ቁጥር 1183/2012ን አስነብቡ እላቸዋለሁ፤ ቅሬታው መጀመሪያ ለዚያው መሥሪያ ቤት ይቀርባል፣ ከዚያ ወደ ፌደራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

እኔም የአፈጻጸም መዝገብ አስከፍቻለሁ። አሁን ስሜ የፍርድ ባለመብት ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ የፍርድ ባለዕዳ። በቀጠሮው ቀን ነገረ ፈጁ አንዲት ደብዳቤ ይዞ መጣ፤ ደብዳቤዋ ውስጥ ከእርስዎ በቀር ማንም አልነበረም። ዳኛዋ አንብበው ክፍያው ለምን በበጀት እንዳልተያዘ የሚያስረዳ ሰው ከነማስረጃው ይቅረብ ብለው ሌላ ቀጠሮ ሰጡ። ነገረ ፈጁ ማስረጃ የምትለዋን ቃል ሲሰማ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እኔ ደረሰኞቼን እያስተካከልኩ ነበር።

ይሰለቸዋል ብለው ተስፋ ካደረጉ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን አንቀጽ 384 ያስነብቡልኝ። ፍርድን ለማስፈጸም የማመልከቻ ጊዜው 10 ዓመት ነው። የኛ ሰው ለርስት ከዚያ በላይ ተሟግቷል።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ቀላል ነው። የሚቀጥለው በጀት ሲዘጋጅ «ለተረታንበት» የምትል አንዲት መስመር ያስገቡልን። ከባነሩ ሥር ትሁን፣ ቅር አይለኝም። እምቢ ካሉ በሚቀጥለው ችሎት በአካል እንዲቀርቡ አመለክታለሁ። መጥሪያ ለማድረስም አይቸግርም፤ ፋይናንስ፣ ከበሩ ሁለተኛው ጠረጴዛ።

ከሰላምታ ጋር
የፍርድ ባለመብት

ግልባጭ፦
ለኃላፊው፣ ከስብሰባ ሲወጡ
ለነገረ ፈጁ፣ በሾፌሩ በኩል
ለመዝገብ ቤት

ማሳሰቢያ፦ የዚህ ደብዳቤ የፎቶ ኮፒ ደረሰኝ ከወጪ ዝርዝሩ ጋር ተያይዟል።