ይድረስ ለወይዘሮ እምቦጭ፣ ጣና ዳር ባለሽበት

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፣ እኔ ካንቺ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ሰሞኑን ስለ ሥጋ በል የውሃ ተክል ቪዲዮ ሳይ አመሸሁና አንቺ ትዝ አልሽኝ። ዩትሪኩላሪያ ይሉታል፣ ስር የሚባል የለውም፣ ውሃ ውስጥ ከምስር የሚያንሱ ከረጢቶች አሉት፣ የትንኝ እጭ ደጃፉ ላይ ያለችውን ፀጉር ነካ ሲያደርግ በሩ ብርግድ ይልና እጩን ከነውሃው ስልብ! ዓይን ጨፍነሽ እስክትገልጪ አይቆይም። እርግጥ አንዱ ዘሩ ባገሩ አልቀመጥ ብሎ ኒውዚላንድ ገብቶ የሰው ኩሬ እየወረረ አስቸግሯል፣ የመጤ ነገር መቼም ይሄው ነው፣ ግን ቢያንስ ትንኝ ይበላል። አንቺስ? አንቺማ ለትንኝ ቤት ታከራያለሽ። ሥጋ አልቀምስም ጾመኛ ነኝ ባይ ነሽ፣ ከላይ ተነጥፈሽ ፀሐዩንም አየሩንም ትከለክይና ከስር ቆሮሶው ትንፋሽ አጥሮት ያልቃል። አፍ ሳይኖራት ዓሣ የጨረሰች ጾመኛ ያየሁት አንቺን ብቻ ነው።

ከአማዞን ድረስ መጥተሽ በፈረንጆቹ 1965 ቆቃ ላይ ታየሽ፣ በዚያው በፈረንጆቹ 2011 ጣና ገባሽ፣ ማንም መታወቂያ አልጠየቀሽም፣ እኛ እዚሁ ተወልደን ቀበሌ ስንሄድ ኔትወርክ የለም ነገ ተመለሱ እንባላለን። ከተመቸሽ በሁለት ሳምንት እጥፍ ነሽ፣ ዘርሽ ደግሞ ጭቃ ውስጥ 20 ዓመት ተኝቶ ይነሳል። አንዷን ጎትቼ አይቻታለሁ፣ የቅጠሏ አንገት እብጥ ያለ፣ ስጫነው እንደ ስፖንጅ እምጭቅ የሚል፣ ውስጡ አየር ብቻ። ለካ እንደዛ ተኮፍሰሽ የምትንሳፈፊው በባዶ ነው (እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አውቃለሁ፣ ስም አልጠራም)። የታንኳችንን ደንገል ገፍተሽ ቦታውን ይዘሻል፣ ዓሣ አጥማጁ መረብ ሲጎትት ዓሣ መስሎት ያንቺን ስር ይዞ ይወጣል፣ ጀልባውም ሞተሩ ላይ ተጠምጥመሽበት መሀል ሐይቅ ቀጥ።

ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ አንቺ ላይ ብቻ አልፈርድም። በ2010 ዓ.ም. ከኦሮሚያ የመጡት ልጆች ጣና ኬኛ (ጣና የኛ ነው) ብለው ጭቃ ውስጥ ገብተው ሲነቅሉሽ የምራቸውን ነበር፣ እነሱን እዚህ ወሬ ውስጥ አላስገባም። እኔ የምለው ያንን ጓንቱን አጥልቆ አንዲት ዘለላ ነቅሎ ካሜራ ፊት ከፍ የሚያደርገውን ነው፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ውሎ አበል ፈርሞ፣ ጥብስ በልቶ ይሄዳል። አንቺም ዳር ላይ ተከምረሽ ትቀሪና ክረምት ውሃው ሲሞላ ታጥበሽ ወደ ቤትሽ! ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ቅጠልሽን የሚበላ ጢንዚዛ ለቀውብሽ ነበር አሉ፣ ጢንዚዛ ደግሞ ውሎ አበል አይጠይቅም፣ ለዚህ ይሆን እኛ ጋ ያልተወደደው?

ለማንኛውም ተዘጋጂ፣ ሌላ ዘመቻ መምጣቱ አይቀርም። መጀመሪያ ቲሸርቱ ይታተማል፣ ቲሸርቱ የሚዘገየው ኮሚቴው ቀለሙ ላይ ሲጨቃጨቅ ነው፣ ሐምራዊ ይሁን የሚልም አይጠፋም፣ ካንቺ አበባ ጋር ፎቶ ላይ ይሄዳል ብሎ።