የሐረሯ ሥጋ ነጣቂ ጭላት አንድ ናት ወይስ ሁለት?

ጀጎል ውስጥ፣ ጊድር መጋላ ሥጋ ገበያ፣ ጭላቶች ከሰው እጅ ሥጋ ይነጥቃሉ። ከእነሱ መካከል ባለቢጫ ምንቃሯን አንዳንድ የአእዋፍ መዝገቦች ራሷን የቻለች ዝርያ ይሏታል። ሌሎቹ የጥቁሯ ጭላት ንዑስ ዝርያ ያደርጓታል። ሁለት ሰዎች ተከራክረውበታል።

አስጎብኚው (ከሐረር)፦ ሁለት ናቸው። ጥር ላይ እንግዳ ይዤ ሄጄ ቁራጭ ሳንባ በመዳፌ ዘረጋሁ። ዞር ሳልል ክንፍ ጆሮዬን ገረፈኝ፣ ሳንባው የለም። ቀና ስል ጣሪያው ጫፍ ላይ ሁለት ጭላቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የአንዷ ምንቃር እስከ ጫፉ የበሰለ ሎሚ ይመስላል። የሌላዋ ጥቁር ነው፣ ቢጫው ሥሩ ላይ ብቻ። ባለቢጫዋ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ትፈለፍላለች። ሌላዋ፣ ጥቁሯ ጭላት፣ አውሮፓና እስያ ፈልፍላ፣ ብርዱን ሸሽታ የምትመጣ እንግዳ ናት። የዘረመል ጥናትም ለያይቷቸዋል።

መምህሩ (ከድሬዳዋ፣ ባዮሎጂ)፦ አቦ ቀስ! ድሬ ላይ አንቱታ የለምና አንተ ልበልህ። በምንቃር አትፍረድ። የባለቢጫዋም ልጅ እስክታድግ ምንቃሯ ጥቁር ነው። ያየሃት የአምና ጫጩት ብትሆንስ? ጥቁሯ በ1783፣ ባለቢጫዋ በ1788 እ.ኤ.አ. የሳይንስ ስም ወጣላቸው። ስም ሁለት ስለሆነ ወፏ ሁለት አትሆንም። የሁለቱም ጭራ ሹካ ነው፣ ሁለቱም ሌባ ናቸው።

አስጎብኚው፦ የምንቃሩ ነገር እውነት ነው፣ እኔንም ስንቴ አሞኝቶኛል። ግን ታዳጊ ጭላት ደረቷ ላይ ነጣ ነጣ ያለ ጭረት አላት። ያቺ የላትም። ራሷ ግራጫ፣ ዓይኗም ፈካ ያለ ነው። የባለቢጫዋ ዓይን ጥቁር ቡናማ ነው።

መምህሩ፦ እሺ፣ ያደገች ናት እንበል። ከሩቅ መምጣቷ ግን ሌላ ዝርያ አያደርጋትም። ድሬም በባቡር ከመጣ ሰው ነው የሞላችው። ቢገናኙ እንደማይጋቡ በምን አወቅህ?

አስጎብኚው፦ ቢጋቡስ? አውሮፓ ውስጥ ጥቁሯና ቀዩ ጭላት አልፎ አልፎ ይዳቀላሉ። አንድ ዝርያ ናቸው ያለ ግን የለም።

መምህሩ፦ ይቺን አላሰብኳትም። ኅዳር ላይ፣ እንግዶቹ ጭላቶች ከገቡ በኋላ፣ ሐረር እወጣለሁ። ሳንባውን እኔ እገዛለሁ። መዳፉን ግን አንተው ትዘረጋለህ።