ለክቡር ንዝረት፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከወንበራችን ስር የሚነሱበትን ቀን እንዲያሳውቁን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ሳይጋበዙ መጡ ብለን አንወቅስዎትም። እንዲያውም ተከፍሎብዎት ነው የመጡት። የእህቴ ባል ጋሼ (ስማቸውን ለክብራቸው ስል ትቼዋለሁ) ላንድ ክሩዘራቸውን 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሊያስደርጉ ጋራዥ የገቡ ዕለት ሞላው ተቀየረ፣ ሾክ አብዞርበሩ ተቀየረ፣ ጎማው በትልቅ ተተካ። ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ዲፈረንሻል (ለጎማዎቹ ወደሚያከፋፍለው) ኃይል የሚያሻግረውን ዘንግ፣ ትራንስሚሲዮኑን ግን «እሱ ምን ሆነና» ብለው አለፉት። እርስዎም በዚያው ገብተው ተደላደሉ።

መኪናው ለምን ከፍ አለ ብለው እንዳይጠይቁ። የጋሼ መንገድ ከአራት ኪሎ በፒያሳ አድርጎ፣ ቸርችልን ወርዶ ለገሃር፣ ከዚያ ሜክሲኮ ነው። በዚህ መስመር ላይ ድንጋይ ቢገኝ ለእግረኛ መንገድ ሊነጠፍ የተከመረ ነው፤ ውሃ ቢገኝ ክረምት ላይ ቱቦ ሞልቶ የፈሰሰ ነው። እሳቸው ግን ለዳናኪል ተዘጋጅተው የሚኒባሶችን ጣሪያ ሲመረምሩ ይውላሉ። መከራው የእናቴ ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ስትሳፈር ከቤት በርጩማ ይወጣላታል፤ አንዱ በርጩማውን ይይዛል፣ ሌላው ነጠላዋን ይሰበስብላታል፣ ጋሼ ከላይ ሆነው እጇን ይስባሉ። ከዚያ በርጩማው ራሱ ይሳፈራል፤ መውረድም አለና።

እርስዎ ደግሞ ሰዓት ያውቃሉ። ፒያሳ ላይ ተሰልፈን ስንንፏቀቅ የሉም። ማታ መንገዱ ሲለቀቅና ፍጥነቱ ወደ 60 ሲጠጋ ነው ብቅ የሚሉት፦ መጀመሪያ ከእግር ስር፣ ቀጥሎ ወንበሩ ላይ፣ በመጨረሻም መስታወቱ ላይ። ከኋላችን የሚመጣው አንዱ ሚኒባስ ሁለት ይሆናል፣ መብራቱም አራት። እናቴ አንድ ምሽት ወንበሩን በመዳፏ ዳበሰችና «ልጄ፣ ይሄ መኪና ወባ ይዞታል እንዴ?» አለች። ጋሼ ሙዚቃውን ጨመሩ።

ሐኪም ፍለጋው ከዚያ በኋላ ተጀመረ። ጎማ ቤቱ «ባላንስ ነው» አለ፤ ባላንስ ተሠራ። የፊት ጎማ ቢሆኑ ኖሮ አመልዎ በአብዛኛው መሪው ላይ ነበር የሚታየው። እርስዎ መሪውን ትተው ወለሉን ነው የመረጡት፣ ያውም እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ጸባይዎን ይለውጣሉ። ይህን የሚያደርግ ጎማ አላውቅም። ቀጥሎ መካኒኩ «ክሮቸራ ነው» አለ፤ የትራንስሚሲዮኑ ዘንግ ታጥፎም እንዲዞር የሚያደርገው መስቀል መሳይ መገጣጠሚያ ማለቱ ነው፤ ይሄኛው እንኳ ሰፈርዎን አውቋል። መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ተወረደ።

«ኦሪጅናል ነው?»

«ኦሪጅናል ነው።»

«የየት አገር?»

«እርስዎ የየት ነው የሚፈልጉት ጋሼ?»

ተገዛ፣ ተገጠመ፣ ግራሶውን ጠጣ። እርስዎም ትንሽ ዝም ብለው ሰነበቱና አዲሱን ክሮቸራ እየበሉ ተመለሱ። አሁን ጋሼ ክሮቸራ የሚገዙት እንደ ዘይት በየጊዜው የሚቀየር ነገር መስሏቸው ነው።

የዘር ሐረግዎን የጠየቀ አንድም ባለሙያ አለመኖሩ ያሳዝናል፤ ከታላቅ ቤት ነው የተወለዱት። ክሮቸራን ብዙ ዓለም የሚጠራው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው ጣሊያናዊ በጄሮላሞ ካርዳኖ ስም ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክም በ1676 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፎበታል። ሁክ ያኔ የገባው ነገር ጋሼ ጋራዥ ገና አልደረሰም፦ ክሮቸራ ታጥፎ ሲዞር አንደኛው ጫፍ በእኩል ፍጥነት ቢሽከረከርም ሌላኛው በእያንዳንዱ ዙር ሁለቴ ይፈጥናል፣ ሁለቴ ይዘገያል። እጥፋቱ 10 ዲግሪ ሲሆን ልዩነቱ ወዲህም ወዲያም 1.5 በመቶ ገደማ ነው፤ 20 ዲግሪ ሲሆን 6 በመቶ ይደርሳል። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የጋሼ ትራንስሚሲዮን በደቂቃ ወደ 1,700 ጊዜ ይዞራል። እርስዎ በእያንዳንዱ ዙር ሁለቴ ሰላም ይላሉ፣ ማለትም በደቂቃ ወደ 3,400 ጊዜ። እንዲህ ያለ ሰላምታ አክባሪ በከተማችን አይገኝም።

ፋብሪካው ሞኝ አልነበረም። በዘንጉ ሁለት ጫፍ ሁለት ክሮቸራ ያስቀመጠው አንዱ ያበላሸውን ሌላው እንዲያቃና ነው። ስምምነቱ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ሁለቱ እኩል መታጠፍ አለባቸው፣ ክሮቸራዎቹን የሚይዙት የዘንጉ ሁለት ሹካዎችም በአንድ አቅጣጫ መሰለፍ አለባቸው። ዘንጉ ተነቅሎ ሲመለስ በመጋጠሚያው ላይ አንድ ጥርስ ቢዘለል እንኳ ስምምነቱ ፈረሰ። 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 1 ሜትር በሚሆን ዘንግ ላይ ወደ 6 ዲግሪ ይጨምራል፤ ዘንጉ ባጠረ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ርቀቱም ስለሚለወጥ ዘንጉን የሚያስረዝመውና የሚያሳጥረው ተንሸራታች እጀታ ከጥርሱ ላይ እየወጣ ትንሽ ጫፍ ብቻ ነክሶ ይቀራል።

ከፊት በኩል ያለው ጉድ ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። መኪናው ከፍ ሲል የፊት አክስሉ ስለሚዞር ካስተሩ (የፊት እግሮቹ ወደ ኋላ ያላቸው ዘመም) ይቀንሳል፣ መሪውም ከኩርባ በኋላ ራሱን ለመመለስ ይለግማል። ይህን ለማቃናት አክስሉን መልሰው ሲያዞሩት የዲፈረንሻሉ አፍንጫ (ዘንጉ የሚገጠምበት ጫፍ) ወደ መሬት ይደፋል፣ እዚያ ጫፍ ላይ ያለው ክሮቸራም የባሰ ይታጠፋል። መሪው ዳነ፣ እርስዎ ወፈሩ። በነገራችን ላይ ጋሼ «መሪውን ጥሩ አድርጎ ሠራልኝ» ብለው ለጋራዡ ልጅ ጉርሻ የሰጡት በዚሁ ቀን ነው።

መድኃኒትዎ ይታወቃል። ዲግሪ መለኪያ ይዞ ከመኪናው ስር መግባት፣ ርዝመታቸው በሚስተካከል አክስል ያዥ ዘንጎች የኋላ አክስሉን ማቃናት፣ ለፊቱ ድርብ ክሮቸራ ያለው ትራንስሚሲዮን ማሠራት፣ ወይም ቶርኖ ቤት ወስዶ የዘንጉን ርዝመት ማስተካከልና ባላንስ ማስደረግ። አለበለዚያ የድሮውን ሞላ መመለስ። የመጨረሻውን ሐሳብ ቡና ላይ ሳነሳው ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ያልተመቸው ትንሽ ስለሆነ ነው» አሉ። «5 ሳንቲ ሜትር ብንጨምርበት ይለቀዋል ብሎኛል መካኒኩ።»

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከሚጨመረው ከፍታ ጋር የሥራ ቦታዎን ወደ ዲፈረንሻሉ ያስፋፉ እንደሆነ፣ ወይስ ክሮቸራው አንድ ቀን ቸርችል ላይ ተሰብሮ ዘንጉ አስፋልት እስኪያርስ ድረስ ብቻ ሊቆዩ እንደሆነ፣ በጽሑፍ እንዲያሳውቁን በትሕትና እንጠይቃለን።

ከከበረ ሰላምታ ጋር
የኋላ ወንበር ተሳፋሪ

ግልባጭ፦
ለጋሼ (ሙዚቃውን ቀንሰው እንዲያነቡት)
ለመካኒኩ (ከዲግሪ መለኪያ ጋር)
ለእናቴ (በርጩማው 5 ሳንቲ ሜትር እንዲጨመርበት አናጺ ተነግሯል)