ላዩ ክሮም፣ ውስጡን ለቄስ

አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚያድስ ሰው ሁሉ የሚጀምረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «መሪውን ብቻ ነው ክሮም የማስነክረው።» ክሮም ያው ብረት ላይ የሚለበሰው እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ልባስ ነው። ይቺ «ብቻ» ግን ስንቱን ኪስ አራቁታለች!

መሪው ተነክሮ ይመጣል። ፊት ያሳያል። እስከ ትናንት ምንም ያልነበረው የፊት መብራት ቀለበት ግን በአንድ ሌሊት አርጅቶ ይገኛል። አዲስ ጫማ የገዛ ሰው ሱሪው እንደሚያስጠላው መሆኑ ነው። ቀለበቱ ሲታደስ የመስታወቱ ዘንግ ያሳፍራል። ቀጥሎ የጭስ መውጫው ማርሚታ፣ ቀጥሎ ከጎማው በላይ ያለው ጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎው። በመጨረሻ ደህና የሚባለው ታርጋው ብቻ ይሆናል።

ሞተር ፈታትቶ መሬት ላይ የዘረጋ ሰው ደግሞ አማካሪ አያጣም። አንዱ መጥቶ «ፎይል ውሃ ነክረህ እሸው፣ ይለቃል» ይላል። እውነት አለው፤ ፎይል ከክሮም ስለሚለሰልስ ሳይጭር ቀለል ያለ ዝገት ያነሳል። ክሮሙ ተነፋፍቶ መላጥ ከጀመረ ግን ፎይሉን ለምሳ ዕቃ ማዋል ይሻላል። ሌላው «የሚረጭ ክሮም ቀለም እያለ ምን ያለፋሃል?» ይላል። ያ ቀለም በጨለማና ከሩቅ ክሮም ነው። ሲነጋ ግራጫ ነው። ሦስተኛው ምክር የለውም። «ስንት ፈጀብህ?» ብሎ ይሄዳል።

ክሮም የሚነክረው ባለሙያ፣ ነካሪው፣ ግን ስለ ማብለጭለጭ ማውራት አይወድም። የሚያየው ስሩን ነው። «ክሮሙ ዛገ» የምንለው እኮ ስም ማጥፋት ነው። ክሮም እንደ ብረት አይዝግም። ውሃ በማይታዩ ስንጥቆችና ቀዳዳዎች ሾልኮ ከታች ያለውን ብረት ያገኛል፤ ዝገቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ አሮጌው ልባስ በኬሚካል ተገፎ ይወጣል። ያኔ ነው ጉድ የሚታየው። አንዱ ነካሪ የተገፈፈ ፓራፋንጎ አንስቶ ወደ ብርሃን ያዘልኝ። ኮከብ የሞላበት ሰማይ ይመስል ነበር። «ይዞት የቆየው ዝገቱ ነው» አለኝ፣ ፈገግ እንኳ ሳይል።

ከዚያ ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ መወልወያ። ጉድጓዱ በመዳብ ይሞላና እንደገና ይወለወላል። ከመዳቡ ላይ ኒኬል ይለበሳል። ክሮም የሚመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው፤ ለጥቂት ደቂቃ ገንዳ ውስጥ ገባ ብሎ ይወጣል። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 1 ማይክሮን፣ ማለትም የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ዝገቱን የሚከላከለው በዋናነት ኒኬሉ ነው፤ ከማብረቅረቁም አብዛኛው የእሱ ነው። ክሮሙ ኒኬሉ እንዳይደበዝዝና እንዳይጫር ይጠብቃል፣ ትንሽ ሰማያዊ ቃና ይጨምራል። ስሙን ጠቅልሎ የሚወስደው ግን እሱ ነው። እንዲህ ያለ ባልደረባ የሌለበት መሥሪያ ቤት ካለ የሚያውቅ ይጠቁመኝ፣ ልቀጠር።

ባለቤቱ ደግሞ ክሮም ካልሆነ አይሰማም። ክሮም ገበያ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1920ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ሞተሮች ጌጣቸው ኒኬል ነበር። የ1915 ሞተር ይዞ «እንደ ጥንቱ አድርግልኝ፣ በክሮም!» የሚል ሰው ግን አይጠፋም።

መግጠሙም የራሱ ፈተና አለው። የብሎኑ ጥርስ ሳይሸፈን ከተነከረ ልባሱ ያወፍረዋል፣ ዳዶው አልገባም ይላል። ያም ታልፎ ሞተሩ ይቆማል፤ ሙሽራ ነው። አሁን ይነዳል ብለህ ስትጠብቅ ባለቤቱ ሰማዩን ያያል። ደመና ካለ አይወጣም። ፀሐይ ከሆነ አቧራ አለ። ማስነሳቱንም ይፈራል፤ ማርሚታው በጣም ከጋለ ክሮሙ ወርቃማ፣ ከዚያም ሰማያዊ ይሆናላ! እንግዳ ሲመጣ ሽፋኑን ገልጦ ያሳያል። እንግዳው ጣቱን ሲዘረጋ እጁን አየር ላይ ይቀልባታል።

«ኧረ በዓይን ነው፣ በዓይን!»