እማማ ጥያቄውን ያዞሩበት ሐሙስ

ባለፈው ግንቦት ጅማ ነበርኩ። ሐሙስ ነው፤ የሂርማታ ገበያ ቀን። ባጃጁ፣ ሰዉ፣ አህያው አንድ ላይ ይጋፋል። አዌቱ ወንዝ ድልድይ አጠገብ ስደርስ ከበሮ ሰማሁና ቆምኩ።

ሰባት ወጣቶች ናቸው። አንዱ ከአንገቱ እስከ ጉልበቱ የሃይላንድ ጠርሙስ ለብሷል። ባዶ ጠርሙሶች በሲባጎ ተሰፍተው። ሲራመድ ይንኳኳሉ። ሁለት ልጆች ሰማያዊ ጨርቅ ጫፍና ጫፉን ይዘው ያወዛውዛሉ። ጨርቁ አዌቱ ነው። ጠርሙስ የለበሰው ልጅ ጨርቁ ላይ ፌስታል ይጥላል፣ ያረጀ ጫማ ይጥላል፣ የለበሰውን ጠርሙስ እየቆረጠ ይጥላል። ጨርቁ ከበደ። ረገበ። በመጨረሻ መሬት ነካና መወዛወዙን አቆመ። ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ነው የሚሠሩት፤ ያልገባው ሰው አልነበረም።

ከዚያ አንዲት ልጅ ወደ ሰዉ ዞራ፣ «ወንዛችን ውስጥ ቆሻሻ አንጣል!» አለች። ተጨበጨበ። እንዲህ ያለ ነገር ሁሌም እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው።

ጎመን የሚሸጡ አንዲት እናት ግን ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ «እሺ ልጄ፣ አንጥልም። የት እንጣል?» አሉ። «ገንዳው ከሞላ ስንት ሳምንቱ! የሚያነሳው የለም። ተሸክሜው ልዋል?»

ከበሮው ቆመ። ልጅቷ ጓደኞቿን አየች። ከዚያ ሄዳ እማማ ፊት ቁጢጥ አለች። «እውነትዎን ነው እማማ። ይምጡና ይሄንን ለሱ ይንገሩት።» ከቆመው ሰው አንድ ኮት ተዋሰችና ለባለ ጠርሙሱ አለበሰችው። ኃላፊ ሆነ። እማማ ጎመናቸውን ለጎረቤታቸው አደራ ብለው ተነሱ። ሰዉ ጠጋ ጠጋ አለ። እኔም ጠጋ አልኩ። ልቤ ይመታ ነበር።

የምኖረው ሐድሰን ወንዝ ዳር ነው። ከኒውዮርክ ከተማ ወደ ሰሜን በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ቢከን የምትባል ከተማ አጠገብ። እዚያ አካባቢ ፒት ሲገር የሚባል ዘፋኝ ኖሯል። ባንጆ ተጫዋች ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ጠርቶ ስለ ፖለቲካ አቋሙና ከእነማን ጋር እንደሚሠራ ሲጠይቀው አልመልስም አለ። ፍርድ ቤት ቀረበ፣ ተፈረደበት፣ በ1962 ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሻረለት። በቴሌቪዥን ለዓመታት እንዳይታይ ተደርጓል። ይህ ሰው ሐድሰን የፍሳሽ መጣያ ሲሆን አየና ጀልባ እንሥራ አለ። ገንዘቡ በኮንሰርት ተለቀመ። ክሊርዋተር የተባለችው 32 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ባለ ሸራ ጀልባ በ1969 ውኃ ላይ ወረደች። የመጀመሪያዎቹ ባሕረኞቿ ሙዚቀኞች ነበሩ። በየወደቡ እየቆሙ ይዘፍናሉ፤ ወንዙ ምን እንደሆነ ለሕዝቡ ያሳያሉ።

ልጄ ትምህርት ቤት እያለች ከክፍሏ ልጆች ጋር አብሬ ተሳፍሬባታለሁ። ልጆቹ እየዘፈኑ ሸራውን በገመድ ሽቅብ ሳቡት። መረብ ጣሉ። የወጣውን ዓሣ ስሙን ተማሩና መልሰው ለቀቁት። ልጄ ዓሣውን በእጇ ስትይዝ ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም።

ልብ ያልኩት ሌላም ነገር አለ። የእነዚያ ሰዎች ዘፈን ሕዝቡን ቆሻሻ አትጣል በማለት ብቻ አላበቃም። ፒ.ሲ.ቢ. የሚባለውን መርዛማ ኬሚካል እስከ 1977 ድረስ ለ30 ዓመት ያህል ወንዙ ውስጥ የለቀቁት የጄኔራል ኤሌክትሪክ ፋብሪካዎች ናቸው። የክሊርዋተር ሰዎች ያንን በስሙ ጠሩት። አልተዉትም። ኩባንያው በመንግሥት ትእዛዝ የወንዙን ደለል መጥረግ የጀመረው በ2009 ነው፤ እስከ 2015 ቆየ። ሲገር በጥር 2014 በ94 ዓመቱ ሲሞት ሥራው ገና አላለቀም ነበር። እስከ ዛሬም ከዚያ ወንዝ ዓሣ ሲበላ፣ በተለይ ለልጆችና መውለድ ለሚችሉ ሴቶች፣ ጥንቃቄ ይመከራል። መርዝ ቶሎ አይወጣም።

ወደ እኛ ስመለስ የማየው የአቅጣጫ ጉዳይ ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው መልእክት ያለው ኪነ ጥበብ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው የደርግ ዘመኑ የቀበሌ ኪነት ነው። ኪነት ጥሩ ነገርም ሠርቷል፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ስንቱን ሽማግሌ በዘፈን ፊደል አስቆጥሯል። ግን ዘፈኑ ከላይ ወደ ታች ነበር የሚወርደው። ያ ልማድ አልለቀቀንም። ዛሬም አርቲስቱ ቲሸርት ለብሶ፣ ችግኝ ይዞ፣ ካሜራ ፊት ይቆማል። ትከሉ፣ ጠብቁ፣ አትጣሉ ይላል። ብዙዎቹ ከልባቸው ነው የሚሉት። ሕዝቡ ጆሮ የሚገባው ግን እንደ ማስታወቂያ ነው።

የድሮ ሰው እንዲህ አልነበረም። «እረኛ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቀው መኳንንቱ ነው። የእረኛውንና የአዝማሪውን ግጥም የሚፈራውም እሱ ነው። ዘፈን ከታች ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ሲገር ያደረገውን ከፈረንጅ መማር አያስፈልገንም፤ ቤታችን ውስጥ አለ።

በአንድ ነገር ደግሞ ጅማ ትበልጣለች። እዚያ ሐድሰን ዳር ኮንሰርቱ ቲኬት አለው። የሚመጣው ሰው አስቀድሞ የተስማማ ነው። ሁሉም ያጨበጭባል፣ ሁሉም ይዘፍናል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጎመኗን አስቀምጣ «የት እንጣል?» የምትል ሴት እዚያ መቼም አላየሁም።

ከትርኢቱ በኋላ ወጣቶቹን ቡና ጋበዝኳቸው። ባለ ጠርሙሱ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ስለ ፌስታል ስንሠራ ሁሉም ይወደናል» አለኝ። «ስለ ቡና ማጠቢያ እንሥራ ያልን ጊዜ ግን የሚረዳን ድርጅት ስልክ ማንሳት አቆመ።»

ለማያውቅ ላስረዳ። በመኸር፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ጅማ ዙሪያ ቀዩ እሸት ቡና ይፈለፈላል። ታጥቦ የሚወጣው ቡና ዋጋው ሳይታጠብ ከነገለባው ከሚደርቀው ጀንፈል ይሻላል፤ ገበሬውም፣ አገርም ይጠቀማል። ፍሬው ላይ ያለው ሙጫ ስኳር አለው። ሙጫውን ያጠበው ውኃ ሳይጣራ ጅረት ውስጥ ሲለቀቅ ይብላላል፣ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ውኃው ይጠቁራል፣ ይከረፋል። ከታች ያለው ሰው ከብቱን የሚያጠጣው እሱን ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያጠኑት ጉዳይ ነው። ጥናቱ ግን በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ለባለ ከብቱ በሚገባው ቋንቋ፣ ከበሮ ይዞ የሚነግረው አልተገኘም።

እነዚህ ልጆች ይችላሉ። ሰማያዊውን ጨርቅ በቡናማ መቀየር ብቻ ነው። የጎደላቸው አብሯቸው የሚቆይ ሰው ነው። እስካሁን የመጡት ረጂዎች የሦስት ወር ፕሮጀክት ይዘው መጥተው፣ ባነር ሰቅለው፣ ፎቶ አንስተው ሄደዋል። ክሊርዋተር ግን የአባላት መዋጮም እየደገፋት ከ50 ዓመት በላይ ቆይታለች። እኛ ውጭ ያለን ጅማዎች ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለዕድር እናዋጣለን። ለሰባት ልጆች የትራንስፖርትና የምሳ በየወሩ ማዋጣት አያቅተንም። አራት ሆነን ጀምረናል። ምን ሥሩ፣ ምን አትሥሩ አንላቸውም ብለን ተስማምተናል።

ገንዳው ከዚያ ሐሙስ በኋላ አንድ ጊዜ ተነስቷል፤ ከዚያ ደግሞ ሞልቷል። ልጁ ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ። ከኋላ ከበሮና የገበያ ጫጫታ ይሰማል። «ጋሼ፣ ዛሬም ልንጀምር ነው። እማማ በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ ከመድረኩ መሀል በርጩማ አስቀምጠንላቸዋል። አሁን ስለ ቡናው ውኃ እየጠየቁን ነው፤ ለካ ወንድማቸው ከማጠቢያው በታች ነው የሚኖረው።»